ከጥጥ ፋብሪካ ሜዳ እስከ ፕሪሚየር ሊግ፤ የድሬዳዋ ኳስ ተጫዋች የሙያ መንገድ

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የድሮውን የንግድ ታሪክ ያነበበ ሰው ስሟን አያጣውም። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ቆላውን በግመል አቋርጦ ጀልዴሳ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የአህያና የበቅሎ ነው። ቀረጥ የሚከፈለውም እዚያው ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ ከወደቡ ወደ ሐረር ሲመላለስ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ሐረርን ትቶ በረሃው ዳር ላይ ቆመና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ወዲህ የጀልዴሳ የግመል ገበያ እየሳሳ ሄደ፤ ሥራም ሰውም ወደ ባቡር ጣቢያው ዞረ።

ስለ ኳስ ለመጻፍ ከጀልዴሳ መነሣታችን አለምክንያት አይደለም። ኳስ የሚወድ የጀልዴሳ ልጅ ዛሬም እንደ ድሮው ጭነት መጀመሪያ መተላለፍ አለበት። የትውልድ ቀዬው ሜዳ ይኖረዋል፣ ክለብ ግን የለውም። ክለቡ፣ አሰልጣኙ፣ መልማዩና የመታወቂያ ወረቀቱ ያሉት ድሬዳዋ ነው። ከድሬዳዋ ደግሞ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ዕድል ከቀናው ወደ ካይሮ ወይም ወደ ጆሃንስበርግ ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ ያ መንገድ ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት ምን እንደሚመስልና ማን እስከ የት እንደተጓዘበት ይቃኛል። ገንዘቡ ላይም ጥቂት እንቆያለን፤ ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁት እሱን ነውና።

መሰላሉ ያለበት አገር

ለንጽጽር ያህል ባሕር ማዶ እንሻገር። አሜሪካ ዘመድ ያለው አንባቢ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ በቴሌቪዥንም ቢሆን ሳያየው አይቀርም። በዚህ ጨዋታ ከሁሉም የሚከበረው፣ ከሁሉም ቶሎ የሚሰበረውም ኳስ ወርዋሪው ነው። የወርዋሪው የሙያ መንገድ ደረጃ በደረጃ የተቆጠረ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም ከኮሌጅ በዓመታዊ ምርጫ ይወሰዳል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርጫው 20 ዙር ሆኗል። ከዚያ በታችኛው ሊግ ነጠላ ኤ፣ ድርብ ኤ፣ ሦስት ኤ እያለ ይወጣል። አብዛኛው ወርዋሪ መንገድ ላይ ይቀራል። ዋናው ሊግ ደርሶ ስድስት የአገልግሎት ዓመት ያስቆጠረ ግን ነፃ ሰው ነው፤ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል።

ይህ ነፃነት በስጦታ የተገኘ አይደለም። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም የክለቡ ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ላይ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የሚባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ጉዳያቸውን በግልግል ዳኛ ፊት አቅርበው ረቱ፤ የቀረውም ተጫዋች በእነሱ ተጠቀመ። ስለ መሰበሩም እናንሣ፤ ቶሚ ጆን የሚባል ወርዋሪ በ1974 እ.ኤ.አ. የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስዶ ተካለት፤ ሰውየው በ1976 ተመልሶ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ዛሬ ሕክምናው በእሱ ስም ይጠራል።

ወደ እኛ ስንመለስ እንዲህ ያለ የተቆጠረ መሰላል አናገኝም። ይሁንና ከስድሳ ዓመት በፊት ድሬዳዋ ላይ አንድ የሚሠራ መሰላል ነበር፤ የተሠራውም ከጥጥና ከሲሚንቶ ነበር።

ላብ አደር ተጫዋች

ባቡሩ ድሬዳዋን የፋብሪካ ከተማ አደረጋት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የተከሉት ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ጥጥ ፋብሪካውና የምድር ባቡር ጋራዦች ብዙ ሠራተኛ ሰበሰቡ። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ከዚራና መጋላ ላይ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ጣሊያን፣ የመኒ፣ ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ ሐረሪና አማራ በአንድ ገበያ የሚገበያዩባት ከተማ ነበረች። ደቻቱ ዝናብ ካልመጣበት አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ ለልጅ የነፃ ሜዳ ነው። (ወንዙ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. አይተናል።)

ያን ጊዜ በአገራችን ያሉ ትልልቅ ክለቦች አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤት ነበሩ። መቻል የጦር ሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ጥጥ ማኅበርና ኢትዮ ሲሚንቶ የፋብሪካዎቹ ነበሩ። የዚህ አሠራር ቁም ነገሩ ተጫዋቹ በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ኳስ ስለሚችል ይቀጠራል፤ ከተቀጠረ በኋላ ግን ሙያም ይኖረዋል። ጉልበቱ ቢያልቅ ወይም ጉልበቱ ቢሰበር ማሽኑ ጋ ይመለሳል። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ሀብታም የሆነ ተጫዋች አልነበረም። ነገር ግን አንድ ወላጅ ልጁ ኳስ ተጫዋች ሊሆን መሆኑን ሲሰማ ሙሉ በሙሉ እንዲደነግጥ አያደርገውም ነበር።

ውጤቱንም እንይ። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ወደ ድሬዳዋ ደጋግሞ ሄዷል። ጥጥ ማኅበር ብቻውን በዚህ ጊዜ አራት ጊዜ ወስዶታል፤ ኢትዮ ሲሚንቶም የበኩሉን አንሥቷል። የአዲስ አበባ ደጋፊ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለት ይወዳል፤ መዝገቡ ግን የሚናገረው ይህንን ነው።

ሉቻኖ

የዚያ ዘመን ፊት የሆነው ተጫዋች ድሬዳዋ አልተወለደም። ሉቻኖ ቫሳሎ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ ወታደር አባት ተወለደ። የተወለደበት ጊዜ ለክልስ ልጅ የከፋ ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት ቆይቶ በ1940 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ከአባቱም ወገን ከእናቱም ወገን ሙሉ ሰው ተደርጎ የማይቆጠር ልጅ የት ይሄዳል? ሉቻኖ ኳስ ሜዳ ሄደ። መካኒክነትም ተማረ። ይህን ሁለተኛውን ሙያ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

በአስመራ ገጀረትን ጨምሮ ለከተማዋ ክለቦች ተጫወተ። አስመራ በዚያን ጊዜ በኳስ ከአዲስ አበባ አታንስም ነበር፤ እንዲያውም የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ቡድኖች የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ወስደዋል። በነገራችን ላይ የቤዝቦል ጨዋታ በዚህ ቀጣና ከታየባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ያችው አስመራ ናት፤ የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ወታደሮች በጊቢያቸው ይጫወቱት ነበር። የከተማው ልጆች ግን በእግር የሚመታውን መረጡ።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሉቻኖ ወደ ድሬዳዋ መጥቶ ጥጥ ማኅበርን ተቀላቀለ። ይህ ዝውውር ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት ዝውውር አይደለም፤ አንድ ባለሙያ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ እንደሚሄደው ነው። አማካይ ነበር። ኳስ የሚያከፋፍል፣ ከርቀት የሚመታ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲገኝ ወደ ኳሱ የሚራመደው እሱ ነበር። አማካይ ሆኖ በአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ ስምንት ጎል ማስቆጠሩ ስለ እግሩ ይናገራል።

የጥር 13 ቀን ጨዋታ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ተሳታፊዎቹ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፦ ኢትዮጵያ፣ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ (ግብፅ ማለት ነው)፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ከጎሎቹ አንዱ የሉቻኖ ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተደረገ። ግብፆች ሁለቱን የቀደሙ ዋንጫዎች የወሰዱ ሻምፒዮን ናቸው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ እስከ 74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ ስትመራ ሳይሆን ስትከተል ቆየች። ግርማ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ገና ደስታውን ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ባዳዊ ደገመ። የብዙ ቡድን ወኔ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። በ84ኛው ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ ሲቀር፣ አምበሉ ሉቻኖ አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ። ጭማሪ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያች ቀን ለኢትዮጵያ ጎል ካገቡት አራት ሰዎች ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም የጣሊያንኛ ስማቸውን ይዘው የኢትዮጵያን ማሊያ ለበሱ። የትውልድ ዘመናቸውን ሕግ ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከ አክራ

የአገር ቡድኑ ዋንጫ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የክለቡ ጉዞ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በ1957 ዓ.ም. (የካቲት 1965 እ.ኤ.አ.) የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች ጋና፣ አክራ ላይ ተገናኙ። የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ አራተኛው ደግሞ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነበር። ጥጥ ማኅበር በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ሆኖም የአንድ ፋብሪካ ቡድን፣ ያውም ከዋና ከተማ ያልሆነ፣ ከአህጉሩ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ ሆነ ማለት ነው። ከድሬዳዋ የወጣ ክለብ ከዚያ ወዲህ እዚያ ደረጃ አልደረሰም። ለምን ብለን ብንጠይቅ መልሱ የልጆቹ ችሎታ ማነስ አይመስለንም፤ መሰላሉ ነው የተነሣው።

ሉቻኖ ከዚያ በኋላም በተከታታይ የአፍሪካ ዋንጫዎች ላይ ተጫውቷል። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ አዲስ አበባና አስመራ ላይ ሲደረግ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች፤ እሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በእርጅናው ዋዜማ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ሠራ፤ ኋላም ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። እስከዚህ ድረስ የሙያ መንገዱ እንደ መማሪያ መጽሐፍ የተስተካከለ ነው፦ የሰፈር ቡድን፣ የከተማ ክለብ፣ የፋብሪካ ቡድን፣ ብሔራዊ ቡድን፣ አምበልነት፣ አሰልጣኝነት።

ከአብዮቱ በኋላ ግን መንገዱ ተቆረጠ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ አገር ለቆ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ከዚያ ሴኔጋል፣ ከሴኔጋል ጣሊያን። የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው አምበል ሮም ውስጥ ኑሮውን የመሠረተው በዚያው በወጣትነቱ በተማረው ሙያ፣ በመኪና ጥገና ነው። ልጆችንም ኳስ አስተምሯል። በጣሊያንኛ ያሳተመው ግለ ታሪክ ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደ ማለት ነው። አንድ ልጅ ከኳስ ያገኘውን የመጀመሪያ ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ አረፈ።

መሰላሉ ሲነሣ

ድሬዳዋ አንድ ጊዜ ደግሞ አፍሪካን አስተናግዳለች። በየካቲትና መጋቢት 1968 ዓ.ም. በተደረገው አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተጫወተው ድሬዳዋ ስታዲየም ላይ ነው፤ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየርና በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ። በዓመት ከመንፈቁ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር የከተማዋ ደጃፍ ላይ ነበር። ከተማዋ አልተያዘችም። የኳስ ዘመኗ ግን በጦርነትና በአብዮት መካከል ተለወጠ። በደርግ ጊዜ ክለቦች እንደገና ተደራጁ፤ ፋብሪካዎቹ በመንግሥት እጅ ሆኑ፤ የኳሱ ማእከልም ይበልጥ ወደ አዲስ አበባ ተሰበሰበ።

የዛሬው ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የድሬዳዋ ልጅ ትልቅ ክለብ ከፈለገ ሻንጣውን ይዞ መነሣት ነበረበት። የዚህ ትውልድ ምሳሌ የድሬዳዋው ተወላጅ አጥቂ ዮርዳኖስ ዓባይ ነው። በመብራት ኃይል ማሊያ በአንድ የውድድር ዘመን 24 ጎል አግብቶ ለዓመታት ያልተደፈረ ክብረ ወሰን ያዘ፤ የደደቢቱ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. በ25 እስኪሰብረው ድረስ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የቡናው አቡበከር ናስር 29 አደረሰው። ዮርዳኖስ ባሕር ተሻግሮ የመን ውስጥም ተጫውቷል። ልብ በሉ፤ ለድሬዳዋ ሰው የመን ሩቅ አገር አይደለም፤ የድሮው የጀልዴሳ መንገድ የሚያመራው ወደዚያው ባሕር ነው።

ድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ከ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ለዓመታት በፕሪሚየር ሊጉ ተሳትፏል። ክለቡ የፋብሪካ ሳይሆን የከተማ አስተዳደር ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ፋብሪካ ተጫዋችን ሲቀጥር ሠራተኛ ይቀጥራል። የከተማ አስተዳደር ክለብ ግን ተጫዋቹን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት አስፈርሞ፣ ገንዘቡን ከበጀት ይከፍላል፤ ውሉ ሲያልቅ የሚመለስበት ማሽን የለም።

ገንዘቡ

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ኳስ ውስጥ የሚነገረው ስለ ወር ደመወዝ ሳይሆን ስለ ፊርማ ገንዘብ ነበር። ተጫዋቹ በክረምት አንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደመወዝ ለታክሲ የሚሆን ነው። ይህ አሠራር ሁለት ጉዳት ነበረው። ተጫዋቹ በየዓመቱ ክለብ መቀየር ያዋጣዋል፣ ስለዚህ አይረጋም። ክለቡም ከፊርማ በኋላ ያለውን ግዴታ እንደ ውለታ ያየዋል። ኋላ የፊርማው ነገር እየቀረ ክፍያው ወደ ወር ደመወዝ ሲዞር ደመወዙ ሰማይ ነካ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ከፍተኛው የወር ደመወዝ 50 ሺሕ ብር እንዲሆን ጣሪያ አበጁ። ጣሪያው በወረቀት ላይ ነበር፤ በጎን የሚከፈል ገንዘብ አልቆመም ተብሎ በሰፊው ተወራ። በገበያ የሚወሰንን ዋጋ በስብሰባ ለመወሰን መሞከር ይህን ማስከተሉ የሚጠበቅ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር መመራት ጀምሮ ከደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት ጋር የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ገባ፤ ዋጋው 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ በየከተማው በዙር ሲደረጉ ድሬዳዋ ከአዘጋጆቹ አንዷ ነበረች። ውሉ ለተጫዋቾች ያመጣው ከገንዘቡ ይልቅ መታየቱ ነው። ቀደም ሲል የውጭ መልማይ የኛን ሊግ ለማየት አውሮፕላን መሳፈር ነበረበት።

ከአገር የወጡት ሁሉ አንድ ዓይነት መንገድ አልሄዱም። ሳላዲን ሰዒድ ከሙገር ሲሚንቶ (ሌላ ፋብሪካ!) ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ግብፁ ዋዲ ደግላ ሄደ። የዋዲ ደግላ ባለቤት የቤልጂየሙ የሊርስም ባለቤት ስለነበሩ በውሰት ቤልጂየም ደረሰ፤ በኋላ አል አህሊን ተቀላቀለ። እንግዲህ አንድ ባለሀብት ሁለት ክለብ መያዙ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የአውሮፓ በር ሆነ። ጌታነህ ከበደ ከ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. በማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈርም ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ ከዚያ ጉዳት ለረዥም ጊዜ ከሜዳ አራቀው። የወርዋሪው ክርን ለኳስ ተጫዋች ጉልበት ማለት ነው። የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰ ተጫዋች ሰንዳውንስ ውስጥ ቢሆን ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና የሚከፈል ደመወዝ አለው። በታችኛው ሊግ የሚጫወት ልጅ ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስበት ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በቤተሰቡ ኪስ ነው፤ ወይም አይታከምም።

ወረቀት

ይህ ክፍል አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጁን ኳስ ለሚያስጫውት ወላጅ ከጎሉ ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት የልደት ምዝገባ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በወጥነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በእናቱ ትውስታ ነው፤ «በጎርፉ ዓመት» ይባላል። ከ17 ዓመት በታች በሚደረጉ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ደግሞ ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር ጀምሯል። አጥንቱ የዘጋ ልጅ ይቀራል። ሆን ብሎ ዕድሜ የሚቀንስ መኖሩ እውነት ነው፤ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ልጅ መኖሩም እንዲሁ እውነት ነው። ማሽኑ ሁለቱን አይለይም።

ሁለተኛው ውሉ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ መፈረም አይችልም፤ ለአዋቂው ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር ወደ ሌላ አገር ክለብ አይዛወርም። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅዎን «ዱባይ ክለብ አግኝቼለታለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይህችን ዐረፍተ ነገር ያንብቡለት። ያልተከፈለ ደመወዝን በተመለከተ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ በጊዜው ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ቁልፉ «በጽሑፍ» የሚለው ነው። በቃል የተነገረ ቅሬታ፣ አሰልጣኙም ቢሰማው፣ የሥራ መሪውም ቢሰማው፣ ማስረጃ አይሆንም። ቀድሞ ተጫዋቹን ያስር የነበረው «መልቀቂያ» የሚባለው ወረቀትም ውሉ ለተጠናቀቀ ተጫዋች ሰንሰለት መሆን የለበትም። አሜሪካኖቹ ወርዋሪዎች በ1975 ያሸነፉት ይህንኑ ነው፤ በአውሮፓ ኳስ ደግሞ ቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን በ1995 በፍርድ ቤት አሸንፎታል።

ሦስተኛው ወረቀት ለክለቡና ለትውልድ ቀዬው ነው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የአብሮነት ክፍያ ብንለው ያስኬዳል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዝውውሩ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ የድሬዳዋ ክለብ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ አሠለጠነው እንበል። አራቱ የልጅነት ዓመታት 1 በመቶ፣ ሦስቱ የወጣትነት ዓመታት 1.5 በመቶ፤ በድምሩ 2.5 በመቶ ነው። ልጁ አድጎ ከካይሮ ወደ ሌላ አገር በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር ለዚያ ክለብ 25 ሺሕ ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። እንደገና ቢዛወር እንደገና። በዚህ ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት ጫማ፣ ስንት ጊዜ የጀልዴሳ ልጆችን ድሬዳዋ የሚያደርስና የሚመልስ መኪና እንደሚገኝ አንባቢ ያስላው።

ይህ ገንዘብ ግን የሚከፈለው ልጁ በየዓመቱ በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ ፌዴሬሽኑ ዘንድ መዝገብ ካለ ብቻ ነው። ሰነዱ የተጫዋች ፓስፖርት ይባላል። ፊፋ ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያውን የሚያጣራ የክሊሪንግ ሐውስ ተቋም አቋቁሟል፤ ተቋሙ የሚያነበው ያንኑ ፓስፖርት ነው። የሰፈር አሰልጣኝ ልጁን ከአሸዋ ላይ አንሥቶ ስድስት ዓመት ቢያሠለጥነው፣ ክለቡ በፌዴሬሽኑ ካልተመዘገበ፣ የልጁም ስም በየዓመቱ ካልገባ፣ በፊፋ ዓይን ያ ልጅ በ18 ዓመቱ ከሰማይ የወረደ ነው።

የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ በ33 ወይም በ34 ያልቃል። የጥጥ ማኅበር ዘመን ተጫዋች በዚያ ዕድሜው ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ነበር። የዛሬው ተጫዋች በጥሩ ዓመቱ የያኔው ሰው በሕልሙ ያላየውን ገንዘብ ያገኛል፤ ሲያቆም ግን የጡረታ መዋጮ የተቆረጠለት ስንቱ እንደሆነ ክለቡን ቢጠይቁ ዝምታ ይገጥምዎታል። አሰልጣኝነት ለጥቂቶች ነው፤ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ኮርስም በካፍ ደረጃ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እየተባለ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ሉቻኖ ቫሳሎ ሮም ላይ መኪና እየጠገነ የኖረው መካኒክነትን አስመራ ላይ ገና በወጣትነቱ ስለተማረ ነው። ድሬዳዋ ላይ ልጁን ለክለብ የሚያስመዘግብ ወላጅ ሁለት ቅጾችን በአንድ ቀን ቢሞላ አይጎዳም፤ አንዱ የፌዴሬሽኑ ነው፣ ሌላው የሙያ ማሠልጠኛው።